ሙሽራይቱን በጫሞ ሐይቅ ላይ ለመሸኘት

በአገራችን ሠርግ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሽማግሌ የሚልከው ቤተ ዘመድ ነው፤ የጥሎሹን ነገር የሚነጋገረው ቤተ ዘመድ ነው፤ ድንኳን ተክሎ፣ ጠላና ጠጁን ጥሎ፣ እንግዳውን የሚያስተናግደውም ያው ቤተ ዘመድ ነው። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል የሙሽራይቱ ጓደኞች የራሳቸው የሆነች አንዲት ምሽት ነበረቻቸው። እርስዋም የእንሶስላ ምሽት ናት። የእንሶስላው ሥር ተወቅጦና ተዘጋጅቶ የሙሽራይቱ እጅና እግር እስኪቀላ ድረስ ሲቀባ፣ ጓደኞችዋ ከብበዋት ይዘፍናሉ፤ ያለቅሳሉም። በእስላም ቤተሰብ ዘንድ ደግሞ ይህንኑ ቦታ ሂና ይዞት ይገኛል።

ዛሬ በከተማ ያሉ ወጣቶች ከዚህች ምሽት ጎን ሌላ ግብዣ ጨምረዋል። ስሙንም ከውጭ እንዳለ ወስደው «ብራይዳል ሻወር» ይሉታል። አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ፤ ኬክ ይቈርሳሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። በሌላው ዓለምማ ነገሩ ከዚህም አልፎ ሄዷል። በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ላይ፣ በኢጣልያ ሐይቆችም ላይ፣ ልትዳር የተቃረበች ሴት ከጓደኞችዋ ጋር የሸራ ጀልባ ከነካፒቴኑ ተከራይታ ውኃ ላይ ትውላለች። ይህ ወሬ በስልክና በሥዕል አማካይነት እኛም ዘንድ ደርሷል። እነሆ፣ ከባሕርም ከሐይቅም ርቀን በምንኖረው በእኛ መካከል እንኳ «ለምን እኛስ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቷል።

እኔ የማስተምረው በደቡብ ኦሞ፣ የሳላማጎ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሃና ነው። ሃናን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ከጂንካ ተነሥቶ፣ ተራራውን ወርዶ፣ የማጎን ብሔራዊ ፓርክ አቋርጦ የሚመጣ መንገድ ነው ከእኛ የሚያደርሰው። በወረዳው የቦዲና የዲሜ ሕዝቦች ይኖራሉ። ሙርሲዎችም ጎረቤቶቻችን ናቸው። በቦዲና በሙርሲ ዘንድ የጥሎሽ መለኪያው ከብት ነው። ወደ ሐመር የተሻገረ ሰው ደግሞ ቀይ አፈር ከቅቤ ጋር ተለውሶ የሴት ጠጕር ሲዋብበት ያያል። እጅን በእንሶስላ ማቅላት ለደገኛው እንደሆነ ሁሉ፣ ቀይ ቀለም ለቆላውም ሰው የጌጥ ቀለም ነው ማለት ነው። ይህን ያነሣሁት፣ ሙሽራን አስውቦ መሸኘት ከውጭ የመጣ ነገር ነው ብለው የሚያስቡ ቢኖሩ እንዲያስተውሉት ነው። ከውጭ የመጣው ጀልባው ብቻ ነው።

ልትዳር የተዘጋጀችው ባልደረባችን እንደ ብዙዎቻችን ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች መምህርት ናት። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚሠራ ሰው ወዳጅነት ምን እንደሆነ ያውቃል። ቤተሰብ ሩቅ ስለሆነ በሽታ ቢመጣ አስታማሚዋ ጓደኛ ናት፤ ደመወዝ ቢዘገይ አበዳሪዋ ጓደኛ ናት፤ በዓል ሲደርስ ዶሮውን አብራ የምትሠራው ጓደኛ ናት። አሁን ግን ጋብቻው ዝውውርን አስከትሏል። ሙሽራይቱ ባልዋ ወደሚሠራበት ከተማ ልትሄድ ነው። ስለዚህ እኛ የምንሸኛት ከልጃገረድነት ብቻ አይደለም፤ ከሃናም ነው። ግብዣውን አጥብቀን የፈለግነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሐይቁን ስለ መምረጥ

በአጠገባችን ውኃ ጠፍቶ አይደለም። ታላቁ ኦሞ በአገራችን ውስጥ አልፎ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። ነገር ግን ኦሞ የመሻገሪያ እንጂ የመዝናኛ ወንዝ አይደለም። ጀልባ ለሽርሽር የሚከራይበት ለእኛ የቀረበው ውኃ በአርባ ምንጭ ያለው የጫሞ ሐይቅ ነው። ከጂንካ በቀይ አፈር፣ በወይጦና በኮንሶ በኩል አርባ ምንጭ ለመድረስ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። ከሃና ጂንካ ያለው መንገድ ሲጨመርበት፣ ሳይቸኩሉ ለሚጓዙ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል።

ጫሞና አባያ ጎን ለጎን የተኙ ሐይቆች ናቸው። የሚለያቸውም «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ከፍተኛ መሬት ነው። በስፋት አባያ ይበልጣል፤ ውኃው ግን በደለል ምክንያት ቀላ ያለ ነው። ጫሞ ጠራ ይላል። ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ ሲሆን፣ ከፊሉ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ነው። አዞዎቹ በብዛት ወጥተው ፀሐይ የሚሞቁበት «የአዞ ገበያ» የተባለውም ስፍራ የሚገኘው በዚሁ ሐይቅ ዳር ነው። ጀልባ የሚከራዩ ጎብኚዎች ሁሉ የሚሄዱት ወደዚያ ነው።

በሌላ አገር ያለ አንባቢ ግን እስከዚህ ድረስ መምጣት አያስፈልገውም። የባሕር ዳርና የጎንደር ልጆች ጣና አላቸው። በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግረው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለሙ ይችላሉ። የሴቶች ጉዞ ከሆነ ግን ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባበት ገዳም መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል፤ አለዚያ ሙሽራይቱ ከነሚዜዎችዋ በወደቡ ላይ ቁጭ ብላ ትቀራለች። ለሐዋሳ ሰው ሐዋሳ ሐይቅ ከደጁ ነው። ለአዲስ አበባ ሠራተኛ ደግሞ የቢሾፍቱ ሐይቆችና ላንጋኖ ይቀርባሉ። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን መካከል ቢልሃርዚያ የለበትም እየተባለ ሰው በብዛት የሚዋኝበት ላንጋኖ ነው።

የሸራ ጀልባ ወይስ የሞተር?

በፎቶግራፍ ላይ ከሁሉ የሚያምረው ነጭ ሸራ የዘረጋ ጀልባ ነው፤ ይህ አይካድም። ከጣና የሚነሣው ውኃችን ግብጽ ሲደርስ በሉክሶርና በአስዋን «ፈሉካ» የሚባሉ የሸራ ጀልባዎች ጎብኚ ይዘው ይንሸራሸሩበታል። በእኛ ሐይቆች ግን የውኃ ላይ ጥበብ በሌላ መንገድ አድጓል። የጣና ታንኳ ከደንገል ተሠርቶ በረጅም ዘንግ የሚገፋ ነው እንጂ ሸራ የለውም። ዛሬ በጫሞም ሆነ በጣና ለሽርሽር የሚከራየው የሞተር ጀልባ ነው።

እንዲያውም ነገሩን መርምሮ ለሚያየው፣ ለእንዲህ ያለው ጉዞ ሞተሩ ይሻላል። የሸራ ጀልባ የነፋስ አገልጋይ ነው። ነፋሱ ከፊት ለፊት ሲመጣበት ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም፤ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ እየተጠማዘዘ ነው ወደፊት የሚራመደው። በተጠማዘዘ ቍጥርም ሸራውን ከታች የያዘው አግዳሚ እንጨት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይወረወራል። ቆሞ የሚጨፍር ሰው ካለ ራሱን ሊመታውና ውኃ ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ነፋሱ ጨርሶ ሲቆም ደግሞ ጀልባውም ይቆማል። አዞና ጉማሬ ባለበት ሐይቅ፣ በፈለጉበት ሰዓት ወደ ዳር ለመመለስ አለመቻል ቀልድ አይደለም።

አክስቲቱ የጠየቁት ጥያቄ

ዕቅዱን ለሙሽራይቱ አክስት ነገርናቸው። ጂንካ የሚኖሩ፣ ብዙ ልጅ የዳሩ ሴት ናቸው። እንሶስላውን የሚያዘጋጁት እርሳቸው ስለሆኑ ያለ ፈቃዳቸው የሚሆን ነገር የለም።

«እናንተ ልጆች፣ የብስ አልበቃ ብሏችሁ ነው ውኃ ላይ የምትወጡት?» አሉን።

«እትዬ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ እኮ ነው» አልናቸው።

«ለሁለት ሰዓትም ይሁን። ለመሆኑ ከናንተ መካከል ዋና የምታውቅ ማን ናት?»

ስምንት ነበርን። እጅዋን ያነሣችው አንዲት ብቻ ናት፤ እርስዋም በጣና ዳር ያደገች ነርስ ናት።

አክስቲቱ ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ መናገርም አላስፈለጋቸውም። ጥያቄያቸው ግን ዕቅዱን ከሥሩ ለወጠው። ቀድሞ የምንነጋገረው ስለ ልብስ ቀለምና ስለ ሙዚቃ ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ የመጀመሪያው መነጋገሪያችን ሙሽራይቱን ወስደን በደኅና ስለ መመለስ ሆነ።

ነገሩ የአሮጊት ፍርሃት ብቻ እንዳልሆነ ታሪክ ይመሰክራል። ኅዳር 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በኡጋንዳ፣ በሙኮኖ አቅጣጫ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ «ቴምፕላር» የተባለች ጀልባ ለመዝናናት የወጡ ሰዎችን ይዛ ተገልብጣ ከ30 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ጀልባዋ ከዐቅምዋ በላይ ጭና ነበር፤ ፈቃድም አልነበራትም። አውሮፓም ከዚህ አላመለጠችም። ነሐሴ 14 ቀን 1981 ዓ.ም. ሌሊት በለንደን ከተማ፣ በቴምዝ ወንዝ ላይ፣ የልደት በዓል ይከበርባት የነበረችው «ማርሺዮነስ» የተባለች ጀልባ «ቦውቤል» ከሚባል የአሸዋ መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች፤ 51 ሰዎችም አለቁ። እንግሊዞች ከዚህ ትምህርት ወስደው በ1994 ዓ.ም. በዚያ ወንዝ ላይ ቋሚ የነፍስ አድን ጀልባ ጣቢያዎች አቋቁመዋል።

በሁለቱም አደጋዎች ላይ የነበሩት ሰዎች ለደስታ የወጡ እንጂ ለጀብዱ የወጡ አልነበሩም። ደስታ ጥንቃቄን የማስረሳት ጠባይ አለው። ለዚህ ይመስለኛል በአሜሪካ ሕግ፣ ልዩ ምርመራ ያልተደረገላት ትንሽ የኪራይ ጀልባ ገንዘብ የከፈሉ ከስድስት የሚበልጡ መንገደኞችን እንዳትጭን የተከለከለው። የሰባተኛዋ ጓደኛ ልብ ቢያዝንም ሕጉ አይለወጥም።

የኪራይ ሒሳብና የነፍስ ሒሳብ

እዚህ ላይ ደመወዝተኛ የሆነ ሁሉ የሚገነዘበው አንድ ችግር አለ። የጀልባ ኪራይ እንደ ልማዱ የሚከፈለው በጀልባው እንጂ በሰው ቍጥር አይደለም። ለምሳሌ ያህል ኪራዩ 4,000 ብር ነው እንበል። ስምንት ሆነን ብንሄድ ለእያንዳንዳችን 500 ብር ይደርሳል። ዐሥራ ስድስት ብንሆን 250 ብር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ኪሱ የሳሳ ሰው ሁሉ «እገሊትንም እንጨምር፤ እኅትዋም ትምጣ» እያለ ሰው ለመጨመር ይገፋፋል። ጀልባዋ ከልክ በላይ የምትጫነው በክፉ ሰው ምክር ሳይሆን በዚህ ቀላል ማካፈል ነው።

መፍትሔው አስቀድሞ ማጠራቀም ነው። እኛ ስምንታችን ከመስከረም ጀምሮ ትንሽ ዕቁብ መሥርተናል። በየወሩ ጥቂት ጥቂት እናስቀምጣለን። ዕጣ አናወጣም፤ ገንዘቡ በሙሉ የሚወጣው ለዚህ ጉዞ ነው። ሙሽራይቱ አትከፍልም። ከስምንታችን ጋር ሙሽራይቱና አክስቲቱ ሲጨመሩ ዐሥር እንሆናለን፤ ዐሥር ሰው በአንድ ጀልባ ለማሳፈር ነጂው ካልፈቀደ ደግሞ ሁለት ጀልባ እንከራያለን እንጂ ተጠጋግተን አንቀመጥም። ገንዘቡ ለሁለት ጀልባ ባይበቃ የሚቀረው ኬኩ ነው። ይህን አስቀድመን በወረቀት ጽፈን ተፈራርመንበታል፤ ምክንያቱም በወደብ ላይ፣ ሁሉም አምሮ ለብሶ ከተሰበሰበ በኋላ «አንቺ ቅሪ» ማለት ለማንም አይቻልም።

ጀልባ ለመከራየት የሚሄድ ሰው ከመክፈሉ በፊት የሚከተሉትን ቢጠይቅ ይጠቀማል። አንደኛ፣ ጀልባዋ ስንት ሰው እንድትጭን ተፈቅዶላታል? ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሆን ላይፍ ጃኬት አለ ወይ? አለ ማለት ብቻ አይበቃም፤ አውጥቶ ማየት፣ ማሰሪያውንም መሞከር ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ሞተሩ በመካከል ቢጠፋ ቀዘፋ ወይም ሌላ ሞተር አለ ወይ? አራተኛ፣ ነጂው ስልክ ይዟል ወይ፣ በየብስ ላይስ የምንመለስበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው አለ ወይ? አምስተኛ፣ ዋጋው የፓርኩን መግቢያ ይጨምራል ወይስ ለብቻው ነው? ነጂው ለእነዚህ ጥያቄዎች በትዕግሥት ከመለሰ መልካም ነው። የሚቈጣ ከሆነ ግን ሌላ ነጂ መፈለግ ነው።

ቀኑና ሰዓቱ

የሠርግ ወራት የታወቀ ነው። በጾም ወራት ጋብቻ ስለማይፈጸም ብዙው ሠርግ ከጥምቀት በኋላ በጥር ይውላል። የእኛም ሙሽራ ቀንዋ በጥር መጨረሻ ነው። ስለዚህ ለሽርሽሩ የመረጥነው በገናና በጥምቀት መካከል ያለውን ቅዳሜና እሑድ ነው። የነቢያት ጾም ተፈቷል፤ ዝናብ የለም፤ ፈተና ገና አልደረሰም። ለሠርጉም ከሁለት ሳምንት በላይ ስለሚቀረው ሙሽራይቱ ደክማ ወደ ድንኳን አትገባም። ዓርብ ከቀትር በኋላ ከሃና ተነሥተን ጂንካ እናድራለን። ቅዳሜ ሌሊት ተነሥተን አርባ ምንጭ እንገባና ዐርፈን፣ እሑድ ጧት ወደ ሐይቁ እንወርዳለን። ሰኞ የማናስተምርበትን ክፍለ ጊዜ ከባልደረቦቻችን ጋር ተለዋውጠን ፈቃድ ወስደናል።

በሐይቁ ላይ የምንወጣው ጧት በ1 ሰዓት ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ጧት ውኃው የረጋ ይሆናል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ያመጣል። ከዚህም ሌላ ጧት ፀሐዩ አይከብድም፤ አዞዎቹም ለመሞቅ ወደ ዳር ይወጣሉ። ደርሶ መልሱ እንደ ጀልባው ፍጥነት ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ለግብዣ ይህ በቂ ነው። ውኃ ላይ ቀኑን ሙሉ የዋለ ሰው በመጨረሻ የሚያስታውሰው ራስ ምታቱን ነው።

ምግብና መጠጥን በተመለከተ ቍርጥ ውሳኔ አድርገናል። በጀልባ ላይ ውኃ፣ ሻይ በቴርሞስ፣ ዳቦና ፍራፍሬ ብቻ ይኖራል። የሚያሰክር መጠጥ ከመመለሳችን በፊት አይቀመስም፤ ነጂውማ ጨርሶ አይጋበዝም። ጨዋታው ተቀምጦ ነው፤ እስክስታ ከትከሻ አይወርድም። መቼም እስክስታ ለተቀመጠ ሰው የተሰጠ ጸጋ ነው! ፎቶግራፍ ሲነሣ ሁሉም በአንድ ጎን እንዳይሰበሰብ ነጂው ያዛል። እጅን በውኃ ማጥለቅ፣ ዳር ወርዶ እግር መታጠብ ክልክል ነው። በ2010 ዓ.ም. በአባያ ሐይቅ ዳር ምእመናንን ያጠምቁ የነበሩ አንድ ፓስተር በአዞ ተይዘው ሕይወታቸው ማለፉን የማያስታውስ የአካባቢው ሰው የለም። ጉማሬም ሣር በል መሆኑ አያዘናጋ፤ በመንገዱ ላይ የቆመበትን ጀልባ ይገለብጣል። የምንበላበትን ላስቲክና ወረቀት ሁሉ ይዘን እንመለሳለን።

ትልቁ ምሳ የሚሆነው በየብስ ነው። አርባ ምንጭ መጥቶ ዓሣ ሳይበላ የሚመለስ ሰው የለም፤ የዓሣው ዱለት የታወቀ ነው። ማታ ደግሞ ባረፍንበት ቤት አክስቲቱ ከደጋ ያስመጡትን እንሶስላ ያወጣሉ። በጀልባ ላይ ያልተዘፈነው ሁሉ ያን ጊዜ ይዘፈናል። በዚህ ዓይነት አዲሱና አሮጌው ልማድ አይጣሉም፤ ጧቱ የጀልባው፣ ማታው የእንሶስላው ይሆናል። አክስቲቱም ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው እኔም በጀልባው እገባለሁ፤ ጃኬቱ በልኬ ይፈለግልኝ» ብለዋል።

ግብዣው ለምን ይሆናል?

አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ ድካም ለከንቱ ነው፤ ገንዘቡ ለሙሽራይቱ የቤት ዕቃ ቢገዛበት ይሻላል ይላሉ። አስተያየታቸው የሚናቅ አይደለም። ብርድ ልብስና ድስት ይጠቅማል። ነገር ግን ብርድ ልብስ የሚሰጣት ብዙ ዘመድ አላት። ጓደኞችዋ ብቻ የሚሰጧት ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ያለ ወንድ፣ ያለ ባለሥልጣን፣ ያለ ቤተ ዘመድ ይሉኝታ፣ የልብዋን የምትናገርበት ጊዜ ነው።

የምታገባ ሴት በየቤቱ «እንኳን ደስ ያለሽ» ትባላለች። «ፈርተሻል ወይ?» ብሎ የሚጠይቃት ግን ጥቂት ነው። ሥራዋን ትቀጥል እንደሆነ፣ ከአማቶችዋ ጋር እንዴት እንደምትኖር፣ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ምን እንደምታደርገው፣ ትምህርትዋን መቼ እንደምትቀጥል፣ እነዚህ ጥያቄዎች በድንኳን ውስጥ አይነሡም። ሞተሩ ጠፍቶ ጀልባዋ በአዞ ገበያ ፊት ለፊት ጥቂት ስትቆም ወይም ማታ እንሶስላው እስኪደርቅ እጅዋን ዘርግታ ስትቀመጥ ሊነሡ ይችላሉ። ያገቡት የሆነባቸውን ይነግሯታል፤ ያላገቡት ያዳምጣሉ። ከሁሉም ስጦታ ይህ የሚበልጥ ይመስለኛል።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ አንተም ለእኅትህ፣ አንቺም ለጓደኛሽ እንዲህ ያለ ነገር ስታስቡ፣ ጀልባ ባይገኝ አትዘኑ። በጀልባ ከሆነ ግን ሰው ቍጠሩ፤ ጃኬት ቍጠሩ፤ የሁለቱም ቍጥር እኩል ይሁን። ሙሽራይቱ እጅዋ ቀልቶ፣ እግርዋ ደርቆ ወደ ሠርግዋ ትግባ።